10 ሺህ ኢንስቶል በ500 ዶላር፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ከጓደኛው ጋር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ አፕ ሠርቷል። ፕሌይ ስቶር ላይ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ዳውንሎዱ 600 አካባቢ ደርሶ ቀጥ ብሏል። ቴሌግራም ላይ የተዋወቀው ሰው «10 ሺህ ኢንስቶል በ500 ዶላር፣ ቦት የለበትም፣ እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ስልክ፣ በሪዋርድ ኔትወርክ በኩል፣ 200 ባለ አምስት ኮከብ ሪቪው ደግሞ በምርቃት» ብሎታል። 2 ሺህ ብር ቀብድም ተቀብሎታል። «ያዋጣል ወይስ እየተሸወድኩ ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጥልህ፤ አትግዛ። ይሄን ስልህ ሰውዬው ሌባ ነው እያልኩህ አይደለም። ምናልባት ያለውን አንድ በአንድ ይፈጽምልህ ይሆናል። 10 ሺህ እውነተኛ ሰው አፕህን ያወርደዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው።

መጀመሪያ ሪዋርድ ኔትወርክ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንድ ልጅ ጌም ይጫወታል። ኮይን አለቀበት። ጌሙ «በነፃ ኮይን አግኝ» የሚል ቁልፍ ያሳየዋል። ሲነካው ረጅም ዝርዝር ይከፈትለታል፤ ኦፈርዎል የሚሉት ይሄንን ነው። «ይሄን አፕ አውርድ፣ ክፈት፣ 30 ሴኮንድ ቆይ፣ 50 ኮይን ውሰድ» ይላል። ልጁ ያወርዳል፣ ይከፍታል፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፣ ኮይኑ ሲገባለት ያጠፋዋል። ስልኩ ሞልቶ ነው፣ አይፈረድበትም። አፕህ የማትሪክ ጥያቄ ይሁን የሽንኩርት ዋጋ ማስያ ግድ አይሰጠውም። ስሙንም ላያነበው ይችላል።

ገንዘቡ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሄደው። አስተዋዋቂው ለአንድ ኢንስቶል ይከፍላል። ኔትወርኩ ድርሻውን ያነሳል፣ ጌሙም ድርሻውን ያነሳል፣ የተረፈችው ወደ ኮይን ተለውጣ ልጁ ጋ ትደርሳለች። ያንተ 500 ዶላር ለ10 ሺህ ሲካፈል ለአንድ ሰው 5 ሳንቲም ነው፤ የአሜሪካ ሳንቲም። ከዚህችው ላይ የቴሌግራሙ ደላላም ይበላል። እንግዲህ አስበው፣ በመጨረሻ 1 ወይም 2 ሳንቲም የደረሰችው ሰው ስለ ኬሚስትሪ ጥያቄህ ምን ገዶት?

ይሄን ሰው ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብህም። የቴሌግራሙ ኮይን መልቀሚያ ጌም ሃምስተር ኮምባት በመጣ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ስክሪን ሲደበድብ ያልከረመ ማን አለ? ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ክላስ ውስጥ። በየቀኑ «ይሄን ቻናል ጆይን አድርግ፣ ይሄን ቪዲዮ እይ» የሚል ታስክ ይመጣ ነበር። ጆይን አደረግን፣ ኮይኑን ወሰድን፣ ቻናሉን ግን አንድ ቀን ገብተን አላነበብነውም። መስከረም 2017 ላይ ቶክኑ ተከፋፈለና ሰው የደረሰችውን አይቶ ጥሎት ሄደ። ከእነዚያ ቻናሎች ባለቤቶች አንዱን ብትሆን ምን ታተርፍ ነበር? ትልቅ ቁጥር እና ጭር ያለ ቤት።

የራሴንም ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ለሱቆች ዱቤና ሽያጭ የሚመዘግብ አፕ የነበረው ደንበኛ ነበረኝ። «ኢንቨስተር ሊያየን ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ማን ያምነኛል» ብሎ አስጨነቀኝ። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ያኔ ራሴም ይሠራል ብዬ አስብ ነበር። ከአንድ ሪዋርድ ኔትወርክ ገዛን። ሰኞ ጠዋት ፕሌይ ኮንሶልን፣ የአፕ ባለቤት አፑን የሚቆጣጠርበትን የጎግል ገጽ፣ ስከፍት ግራፉ የእንጦጦን ዳገት መስሏል። ማኪያቶ በእኔ ነው ተባለ። ረቡዕ ዕለት የአገሮቹን ዝርዝር አየሁት። አፑ አማርኛ ነው፤ አውራጆቹ ግን ከህንድ፣ ከቬትናም፣ ከኢንዶኔዥያ። አናሊቲክሱን ከፈትኩ። ሰው አፑ ውስጥ የሚቆየው በአማካይ 33 ሴኮንድ። ኦፈሩ 30 ሴኮንድ ቆዩ ስለሚል 30ውን ቆይተው ሦስቷን መውጫ ሲፈልጉ ነው ያጠፏት። ከዚያ ሪቪው መጣ። አንዱ «ግራፊክሱ ያምራል፣ ደረጃ 7 ግን ከበደኝ» ይላል። ዱቤ መመዝገቢያ ላይ! እስካሁን ከዚያ ሰውዬ ጋር ስንገናኝ ሰላምታችን «ደረጃ ስንት ደረስክ?» ነው።

ሳቁ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያው ሳምንት የመመዝገቢያ ገጹን ቀይረን ነበር። ስልክ ቁጥር የምንጠይቅበትን ቦታ ከመግቢያው አንስተን ወደ ኋላ ወሰድነው። ለውጡ ጠቀመ? ጎዳ? ማወቅ አልቻልንም። መርካቶ ውስጥ አፑን በየቀኑ የሚከፍቱ ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩን፣ የእነሱ ድምፅ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ጠፋ። «በአገር አጣርቶ ማየት አይቻልም ወይ?» ካልከኝ ይቻላል፣ እኛም አደረግነው። ደላላው ቅሬታችንን ሲሰማ ግን «ኢትዮጵያ ብቻ» የሚል ፓኬጅ በውድ ሸጠልን። ያኔ ማጣሪያውም ዋጋ አጣ፤ ነጋዴውና ኮይን ለቃሚው አንድ አገር ሆኑ። ሁለት ወር ሙሉ በዳበሳ ነው የሄድነው።

አንተ ጋ ስንመጣ ሂሳቡን እንሥራው። እንበልና ከ600ዎቹ 150ዎቹ አውርደው ሳምንት ቆይተውም አፕህን ይከፍታሉ። ይሄ 25 በመቶ ነው፣ ለጀማሪ የሚያኮራ ነገር ነው። አሁን 10 ሺህ ጨምርበት፣ ከእነሱ ደግሞ 50 ሰው ይመለስልህ፣ ቸር ሆኜ ነው። ከ10,600 ሰው 200 መሆኑ ነው። ወደ 2 በመቶ ወረድክ ማለት ነው። ነገ የፊዚክስ ክፍሉን አሻሽለህ 30 ተማሪ ተጨማሪ ቢመለስልህ ድሮ በዓይንህ ታየው ነበር። አሁን አታየውም። 500 ዶላር ከፍለህ የገዛኸው የዓይን ሞራ ነው።

«ቢሆንም ዳውንሎድ ሲበዛ ሰርች ላይ ከላይ ያወጣኛል» የሚል ነገር ደላላው ሳይነግርህ አልቀረም። ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ እውነት ነበር። አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ቶፕ ሊስቱ በዋናነት የሚሰላው በዳውንሎድ ብዛት ነበርና በአንድ ቀን ብዙ ኢንስቶል የገዛ ሰው ከላይ ይሰቀላል፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ እውነተኛው ሰው ይመጣለታል። ታፕጆይ የሚባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ነው ስሙ የገነነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አፕል በቃ አለ፣ ሌላ አፕ በሽልማት የሚያስወርዱ አፖችን ውድቅ ማድረግ ጀመረ። በ2013 ደግሞ አፕግራቲስ የሚባለውን፣ በየቀኑ አንድ አፕ እየመረጠ ወደ ቶፕ ሊስት ይገፋ የነበረውን የፈረንሳይ አፕ ከነአካቴው ከስቶሩ አወጣው። ሚሊዮኖች ተጠቃሚ ነበሩት፣ አላዳኑትም።

ጎግልም ዝም አላለም። በጥቅምት 2016 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፎርጅድና በጥቅም የተገዛ ኢንስቶልን ለይቶ የሚያጣራ ሲስተም ማስገባቱን አስታወቀ። በፖሊሲው ላይም በማያሻማ ቋንቋ ተጽፏል፤ ኢንስቶል፣ ሪቪው እና ሬቲንግን በሽልማት ማብዛት ክልክል ነው። ቅጣቱ ከቶፕ ሊስት መውጣት ይጀምርና ካልታረምክ አፑ እስከመነሳት ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። «እኔ አላደረግኩም፣ የቀጠርኩት ኤጀንሲ ነው» ማለት አያድንህም። የምታሠራው ሰው የሚያደርገውን ማወቅ ያንተ ሥራ ነው ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። አካውንቱ በስምህ ነው፣ የመመዝገቢያውን 25 ዶላር የከፈልከው አንተ ነህ፣ ደላላው ነገ የቴሌግራም ስሙን ቀይሮ ሌላ ሰው ያናግራል።

በዛ ላይ ደግሞ ስቶሩ አሁን የሚያየው ኢንስቶል ብቻ አይደለም። አፑ ስንቴ ይከሰከሳል የሚለውንም ያያል። ጎግል ያስቀመጠው ገደብ አለ፤ በቀን ውስጥ አፑ ድንገት የሚዘጋባቸው ተጠቃሚዎች 1.09 በመቶ ከደረሱ፣ ወይም ደርቆ የሚቀርባቸው 0.47 በመቶ ከደረሱ፣ አፕህ ለሰው የመታየት ዕድሉ ሊቀንስ ይችላል። አንተ አፑን የሞከርከው በእጅህና በጓደኞችህ ስልክ ነው። 10 ሺህ ሰው ሲመጣ ስማቸውን ሰምተኸው በማታውቅ ርካሽ ስልኮች ላይ ነው የሚከፈተው። ያ ሁሉ ስልክ ሲከሰከስ የሚመዘገበው ባንተ ላይ ነው።

ስለ ሪቪዎቹ ብዙ አልልም። 200 ባለ አምስት ኮከብ በምርቃት የሚሰጥ ሰው የሚሰጥህ ባንተው ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ጎግል ሲያጠፋቸው ሬቲንግህ በአንድ ሌሊት ይወርዳል፣ የሚያውቅህ ተማሪ ደግሞ ሲያነባቸው ይስቅብሃል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? ኢንስቶልን «መጫን» ብለን መተርጎማችን አንዳንዴ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ትላልቆቹም ተሸውደዋል፣ ስለዚህ አትፈር። የታክሲ አፑ የኡበር ማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ኬቨን ፍሪሽ በአደባባይ የተናገረው ታሪክ አለ። ማስታወቂያችሁ ብራይትባርት በሚባለው የፖለቲካ ድረ ገጽ ላይ ይታያል የሚል አቤቱታ በዛባቸው። ኔትወርኮቹን አቁሙ ቢሉም አልቆመም። ነገሩን ሲመረምሩ ለኢንስቶል ማስታወቂያ በዓመት ከሚያወጡት 150 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 100 ሚሊዮኑን ዘጉት። ኢንስቶሉ ምን ሆነ? ምንም። ድሮም በራሱ ሊመጣ የነበረውን ሰው ነበር ኔትወርኮቹ «እኛ አመጣነው» እያሉ የሚያስከፍሏቸው። የእነሱ ጉዳይ ከሪዋርድ ይለያል፣ ማጭበርበሩም ሌላ ዓይነት ነው። ያነሳሁልህ ለአንድ ጥያቄ ብዬ ነው፤ ደላላህ «ያመጣሁልህ ይሄን ያህል ነው» ሲልህ በምን ታረጋግጣለህ? ስክሪንሾት ነው የሚልክልህ። ስክሪንሾት ደግሞ ታውቀዋለህ።

ሌላም ጣጣ አለው፣ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ። ሽልማቱ ሳይደርስ ሲቀር የሚሰደበው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ታፕጆይን የከሰሰው ሰዎች የተባሉትን ሠርተው ኮይናቸውን ስላላገኙ ነው፤ በስምምነት ነው የተዘጋው። ኮይኑ ያልደረሰው ልጅ ግን ኮሚሽን አያውቅም። ያወረደው ያንተን አፕ ነው፣ አንድ ኮከብ ሰጥቶ «ሌቦች» ብሎ ይጽፍልሃል።

እሺ፣ ታዲያ እነዚህ ኔትወርኮች ለምን እስካሁን አሉ? ለማን ያዋጣል? ለጌም ኩባንያዎች ያዋጣል። እነሱ ለኢንስቶል አይከፍሉም፣ «ደረጃ 20 ሲደርስ» ወይም «ይሄን ያህል ሰዓት ሲጫወት» ብለው ነው የሚከፍሉት። ደረጃ 20 ከደረሰው ሰው ውስጥ ስንቱ ገንዘብ እንደሚያወጣ በሳንቲም ያውቁታል፣ ተጫዋቹም በተፈጥሮው ጌም የሚወድ ሰው ነው። ኮይን ፍለጋ የመጣ ተጫዋች ሌላ ጌም ቢወድ አይገርምም። ኮይን ፍለጋ መጥቶ የባዮሎጂ ማትሪክ ጥያቄ የወደደ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወዳንተ 600። በእኔ እምነት ችግርህ ማስታወቂያ ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም እንኳ 600ው ሙሉው ቁጥር አይመስለኝም። የአገራችን ተማሪ አፕ የሚቀባበለው እንዴት ነው? በዜንደር ነው፣ በቴሌግራም ፋይል ነው። አንዱ ያወርድና ለአምስት ጓደኛው ይልካል፣ ዳታ ማን ያባክናል። እነዚያ አምስቱ ፕሌይ ስቶር ላይ አይቆጠሩልህም። የባሰው ደግሞ፣ አዲስ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚወጣው በባንድል ነው፤ ስቶሩ ለየስልኩ የሚስማማውን ቆራርጦ ይሰጣል። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በዜንደር ሲላክ ዋናው ፋይል ብቻ ይሄድና ቀሪው ቁራጭ ይቀራል። ጓደኛው ጋ ሲደርስ አይከፈትም፣ ወይ ከፍቶት ይዘጋል። «አፑ አይሠራም» ተብሎ በክላሱ ይወራል፣ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ዳውንሎዱ ለምን ቆመ ትላለህ። ይሄንን አንድ የገበያ አፕ ላይ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጁ ስልኩን አቀብሎኝ «ይኸው» አለኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሌይ ኮንሶል ውስጥ አፕ ባንድል ኤክስፕሎረር የሚባል ገጽ አለ። እዚያ ለሁሉም ስልክ የሚሆነውን፣ በጎግል የተፈረመውን አንድ ሙሉ ኤፒኬ፣ የአፑን መጫኛ ፋይል፣ ማውረድ ትችላለህ። እሱን ቴሌግራም ቻናልህ ላይ አስቀምጠው። ፊርማው ያው ስለሆነ ኋላ ላይ ከፕሌይ ስቶር አፕዴት ማድረግ ይችላሉ። አፑ ውስጥ ደግሞ «ለጓደኛ ላክ» የሚል ቁልፍ አድርግና ወደዚያ ይውሰዳቸው። መጠኑንም ቀንስ። ሁሉንም ትምህርት በአንዴ ከማስጫን ተማሪው የሚፈልገውን ክፍል ብቻ ያውርድ፣ አንዴ ካወረደ በኋላም ያለ ዳታ ይሥራለት።

500 ዶላሩን፣ ማለቴ የዚያን ግማሽ በብር፣ የምታወጣበትን ልንገርህ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚከታተሏቸው የቴሌግራም ቻናሎች አሉ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃቸዋለህ። አምስት ምረጥ። ባለቤቶቹን አናግር፣ በቴሌብር ይከፈላሉ፣ የውጭ ምንዛሪ ጣጣ የለበትም። ለእያንዳንዱ ቻናል የተለያየ ሊንክ ስጥ፣ ከየት እንደመጡ መጨረሻው ላይ ምልክት ያለው። ማስታወቂያ አታስጽፍ፤ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ለጥፍና «መልሱና አሠራሩ አፑ ላይ ነው» በል። ሳምንት ቆይተህ ስንት ሰው አወረደ ብለህ አትይ፣ ስንቱ 20 ጥያቄ ሠራ ብለህ እይ። ከአምስቱ ሦስቱ ብላሽ ይሆናሉ፣ አንዱ ግን ያስገርምሃል። ቀሪውን ገንዘብ እዚያ ላይ አውለው።

ሽልማት ጭራሽ አትስጥ እያልኩህ አይደለም። ጓደኛ ለጋበዘ ተማሪ አንድ ተጨማሪ የሞዴል ፈተና ክፈትለት፣ ግን ጓደኛው ሲያወርድ ሳይሆን 20 ጥያቄ ሲጨርስ። 20 የስታቲስቲክስ ጥያቄ ለኮይን ብሎ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ደግሞ እሱም ተማሪ ነው፣ ይግባ። ሪቪው ላይ ግን ምንም ነገር አትስጥ፣ ክልክል ነው። ተማሪው ፈተና ጨርሶ ውጤቱን ካየ በኋላ ስቶሩ ራሱ በሚሰጠው መጠየቂያ አንዴ ጠይቀው፣ በቃ።

የስቶር ገጽህንም ገብቼ አየሁት። የአፑ ስም 30 ፊደል ነው የሚፈቀደው፣ አንተ ግማሹን ለድርጅታችሁ ስም ሰጥተኸዋል፤ ማን ያውቀውና ነው? ተማሪው ሰርች የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ «ግሬድ 12»፣ «ማትሪክ»፣ «ኢንትራንስ» ብሎ። እነዚህን ስሙና አጭሩ መግለጫ ላይ አስገባቸው። ስክሪንሾቶቹም የመግቢያ ገጽ ናቸው። ጥያቄና ማብራሪያ የሚታይበትን አስቀድም። እና ቶሎ በል፤ ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ ነው፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ስልክ አይዝም፣ ያንተ ገበያ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለችው ናት።

የቀብዱ ነገር። 2 ሺህ ብሩ ሄዷል ብለህ ቁጠረው፤ እሱን ለማዳን ብለህ ቀሪውን እንዳትከፍል። ሰውዬውን «አሳብ ቀይሬያለሁ፣ ምንም እንዳትጀምር» ብለህ ጻፍለትና መልእክቱን አስቀምጠው። ቢጀምር እንኳ ማቆም እንደጠየቅክ ማሳያ ይሆንሃል። እንደዚህ ዓይነት ደላሎች ብዙዎቹ 12 ቴስተርም ይሸጣሉ፣ አዲስ የግል አካውንት አፕ ከመልቀቁ በፊት ለ14 ቀን እንዲሞክሩለት ጎግል የሚጠይቀውን 12 ሰው፤ ለሚቀጥለው አፕህ እሱንም ከእሱ እንዳትገዛ፣ የክላስህ ልጆች ይበቃሉ። ደግሞ «ስታቲስቲክሱን እንድከታተል» ብሎህ ፕሌይ ኮንሶልህ ላይ በኢሜይሉ አክሰስ ሰጥተኸው ከሆነ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ገብተህ አንሳው፣ ፓስወርድህንም ቀይር።